ከፀሐይ ስለሚነሣው የመግነጢስ ማዕበል

ሰው በዐይኑ የሚያየውን አደጋ ይፈራል፤ የማያየውን ግን እንደሌለ ይቈጥረዋል። ነገር ግን የማይታየው ከሚታየው ይልቅ እንደሚበረታ የፍጥረት ምርመራ ታሪክ ብዙ ጊዜ አስተምሯል። ከፀሐይ ተነሥቶ ምድርን የሚያናውጠው የመግነጢስ ማዕበል ለዚህ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1741 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ ሂዮርተርና ሴልሲየስ የተባሉ ሊቃውንት፥ የሰሜን ብርሃን በሰማይ በተዘረጋ ጊዜ የመግነጢስ መርፌ ከስፍራዋ ስትናወጥ አዩ። በዚያው ቀን ግራሃም የተባለው ሰው በሎንዶን ያኖራት መርፌም ተናወጠች። እንግዲህ የሚያናውጣት ኀይል የአንድ ከተማ ሳይሆን ብዙ አገር የሚያዳርስ መሆኑ ታወቀ፤ ከወዴት እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1831 ማይክል ፋራዴይ የመግነጢስ ኀይል በተለዋወጠ ጊዜ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ ገለጠ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ1847 ባርሎው የተባለው መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በምድር ባቡር መንገድ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ፥ ማንም መልእክት ሳይልክበት መርፌውን ሲያንቀሳቅስ ተመለከተ። የፋራዴይ ሕግ በሰው እጅ ብቻ ሳይሆን በምድር ሁሉ ላይ እንደሚሠራ ያን ጊዜ መታየት ጀመረ።

ምስጢሩን ወደ መግለጥ ያቀረበው ግን አገራችንን ዐፄ ቴዎድሮስ በሚገዙበት ዘመን፥ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 የሆነው ነገር ነው። ይህም በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 1851 ነው። በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ ሪቻርድ ካሪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ በፀሐይ ፊት ያሉትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች በወረቀት ላይ ሲሥል፥ በመካከላቸው እጅግ የበራ ነጭ ብርሃን ድንገት ፈነጠቀ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቈይቶም ጠፋ። ሆጅሰን የተባለ ሌላ ሰውም በሌላ ስፍራ ሆኖ ያንኑ አየ። ዐሥራ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ታላቅ ማዕበል ሆነ። የሰሜን ብርሃን እስከ ኩባ ድረስ ታየ፤ በአሜሪካ በቦስተንና በፖርትላንድ ያሉት የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪያቸውን ለይተው ከሰማይ በመጣው ኀይል ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። ካሪንግተን ሁለቱን ነገሮች አነጻጸረ፤ ነገር ግን ትሑት ሰው ነበረና ከአንድ ጊዜ ምልክት ፍርድ ለመስጠት አልቸኰለም።

በ1892 ስመ ጥሩው ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ ለዚህ ማዕበል ምክንያት ልትሆን አትችልም ብሎ ተናገረ። ኀይሏን በሁሉ አቅጣጫ እኩል የምትረጭ አስመስሎ ስላሰላ፥ የሚያስፈልገው ኀይል ከመጠን ያለፈ ሆኖ አገኘው። ስሌቱ ልክ ነበር፤ መነሻው ግን ስሕተት ነበረ። በ1904 የግሪኒቹ ማውንደር ማዕበሉ በሃያ ሰባት ቀን እየተመላለሰ ከፀሐይ ዙረት ጋራ እንደሚስማማ አሳየ፤ ስለዚህም ኀይሉ እንደ ጠባብ ፈሳሽ በአንድ ወገን የሚወጣ መሆኑ ታወቀ። የታላቁ ሊቅ ድፍረት ወደቀ፤ የካሪንግተን ትዕግሥት ግን ጸና።

ሥራውም እንዲህ ነው። ከፀሐይ የወጣው ደመና ኤሌክትሪክና መግነጢስ ተሸክሞ በምድር መግነጢስ ላይ ይወድቃል። ከምድር በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ከፍታ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፈሳሽ ይነሣል። ያም ሲለዋወጥ በፋራዴይ ሕግ መሠረት በመሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። መሬቱ ጠንካራ ጥንታዊ ዐለት ሲሆን ኤሌክትሪክን በደኅና ስለማያሳልፍ፥ ኀይሉ ከመሬት ጋራ በተያያዘው ረዥም ሽቦ ውስጥ መንገዱን ያደርጋል። ወደ ትራንስፎርመር በገባ ጊዜም የብረቱን ልብ ከመጠን በላይ በመግነጢስ ይሞላዋል፤ ያግለዋል፤ የመብራቱንም ሥርዐት ያውካል።

ይህ በማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ በኬቤክ አውራጃ ተፈጸመ። አገሩ በጥንታዊ ዐለት ላይ የተቀመጠ፥ ሽቦውም ከሰሜን ግድቦች እስከ ከተሞች እጅግ የረዘመ ነበር። ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ፥ የኀይሉን ሚዛን የሚጠብቁት መሣሪያዎች ተራ በተራ ተቋረጡ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላም መላው አውራጃ ጨለመ። ስድስት ሚሊዮን ሰው ዘጠኝ ሰዓት ያህል በብርድ ወራት ያለ መብራት ቈየ።

ነገሩ ለሰሜን አገሮች ብቻ የቀረበ አይደለም። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚያም መስመር ላይ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ፈሳሽ በሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ በ1957ና በ1958 በተደረገው ዓለም አቀፍ የምድር ምርመራ ምክንያት በአዲስ አበባ የመግነጢስ መመልከቻ ተቋቋመ።

ከኬቤክ ጨለማ በኋላ ግን ሰዎች ተማሩ። ፀሐይን ቀንና ሌሊት የሚጠብቁ መሣሪያዎች ከምድር አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ርቀው ቆሙ። በሜይ 2024 ብርቱ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ጠባቂዎች አስቀድመው ስላስታወቁ፥ እንደ ኬቤክ ያለ ጨለማ አልሆነም።

የቅኔ ተማሪ ከሰሙ በታች ወርቁን እንደሚሻ፥ እነዚህም ሊቃውንት ከሰማዩ ውበት በታች የተሰወረውን ሕግ ፈለጉ። ማዕበሉን መከልከል ለሰው አልተሰጠም፤ መትጋት ግን ተሰጥቶታል። ዘይት አስቀድማ ያዘጋጀች ልባም ሴት በሌሊት አትደነግጥምና።