የውሾች ተላላፊ በሽታ፣ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሸነን አብዛኛው ውሻ ባለቤት አለው፤ ቀን ታስሮ ይውልና ሌሊት ይፈታል። በሥጋ ቤት ደጅ፣ በቆሻሻ መጣያና በሴት ውሻ ዙሪያ ከሰፈሩ ውሾች ጋር የሚገናኘውም ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ፣ በተለይም በንክሻ ይተላለፋል። የተያዘው ውሻ ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ማስተላለፍ ስለሚችል «ጤነኛ ይመስላል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

መከላከያው ክትባት ነው። ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየጊዜው ይደገማል፤ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ውሾችን ለመቀነስ መርዝ መበተን ግን የተከተበውንም ገድሎ ቦታውን ላልተከተበ ያስለቅቃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገይ ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም።

ሌላው የውሾች በሽታ ፓርቮ ቡችላን በደም ተቅማጥ ይገድላል፤ ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ቡችላ ክትባቱን ሳይጨርስ ከውጭ ውሾች ጋር አይቀላቀል። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሾች በሽታ ደግሞ የሚዛመተው በትንፋሽ ነው።

የእነዚህ በሽታዎች ጉዳት ከመንደር ያልፋል፦ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን እ.ኤ.አ. በ1991–92 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር ፈጅቷቸዋል።