የኦሞራቴ መሻገሪያ በአሮጌ ፎቶግራፎች

ስለ ኢትዮጵያ ወደቦች ሲነሣ ምጽዋና አሰብ ይጠራሉ፤ የወንዝ ወደብ ከተባለም ጋምቤላ። ለጋምቤላ ይገባታል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀደ፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለችው ኦሞራቴ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም። ኦሞ የሚፈስበት ቱርካና ሐይቅ መውጫ ስለሌለው ከባሕር የሚነሣ መርከብ በምንም መንገድ አይደርስባትም። ቢሆንም የውኃ መጓጓዣ ታሪኳ ከጋምቤላ ያንሳል ብዬ አላምንም። ያነሰው የጻፈላት ሰው ነው።

ከቱርሚ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱባት ይህች ሞቃት ከተማ የቆመችው በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ነው። ዳርቻው ወንዙ ራሱ ያመጣው ደለል ነው እንጂ ድንጋይ የለበትም። ውኃው ሲጎድል አፈሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ወደ ታንኳ የሚወርድ ሰው በእግር ብዛት የተቦረቦረውን ቁልቁለት ይዞ ይወርዳል። ታንኳው ከአንድ ወፍራም ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጎኑ ከውኃው በላይ እምብዛም ስለማይተርፍ ተሳፋሪ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አርፎ ይቀመጣል። ቀዛፊው ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ማዶ ሲያዞር ወራጁ ወደ ታች እየገፋ ካሰበው ቦታ ያደርሰዋል። ከብቱ ግን ታንኳ አያገኝም። አዞ ባለበት ውኃ እየዋኘ፣ ባለቤቶቹ እየጮኹለት ይሻገራል።

የዚህ ዳርቻ ፎቶግራፎች የሚጀምሩት አገር አሳሾች ካሜራ ተሸክመው ሲመጡ ነው። ሃንጋሪያዊው ቆንት ቴሌኪና የመቶ አለቃ ፎን ሆነል በ1880 ዓ.ም. ከደቡብ በኩል ሐይቁ ዘንድ ደርሰው በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» አሉት፤ ቱርካና የተባለው በ1967 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ በ1887 ዓ.ም. ክረምት ላይ ሰሜናዊውን ጫፍ አየ። በዚያ ዘመን ኦሞ ወዴት እንደሚፈስ የአውሮፓ ጂኦግራፊ አዋቂዎች አልተስማሙም ነበር፤ አንቷን ዳባዲን የመሰለ ኢትዮጵያን ለዓመታት የዞረ ሰው እንኳ የዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ተከራክሯል። ጥያቄውን የዘጋው የጣሊያኑ መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በ1888 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ አየው። ቦቴጎ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በወለጋ ተገደለ፤ የተረፉት ጓደኞቹ ቫኑተሊና ቺተርኒ የጉዞውን ታሪክ በ1891 ዓ.ም. ሚላን ላይ «ኦሞ» በሚል ርዕስ አሳተሙ። በዳርቻው ለሚኖረው ለዳሰነች ሰው ይህ ሁሉ ክርክር ምን ይባላል? ወንዙ የት እንደሚገባማ ታንኳውን የሚገፋ ልጅም ያውቀዋል።

በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሐይቁ ዘልቆ የአፄ ምኒልክን ባንዲራ ተከለ። አብሮ የዘመተው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየውን በመጽሐፍ አስፍሯል። በዚያ ዘመቻ ክፉኛ ቆስሎ የተገኘውን አንድ ሕፃን አንሥቶ፣ ቫስካ ብሎ ሰይሞ ወደ ሩሲያ ወስዶታል። የዚያ ዘመን ምስሎችን የሚያይ ሰው ይህንን መርሳት የለበትም፤ ካሜራውና ጠመንጃው የመጡት በአንድ ጉዞ ነው። ለዚህም ይመስለኛል አሳሾቹ ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት የሚያቆሙት የራሳቸውን ጓዝና ያደኑትን አውሬ የሆነው። የአገሬው ሰውና ታንኳው ጠርዝ ላይ ይቀራሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንን ጠርዝ ነው።

ጠርዙ ላይ ውኃው አለና። ሐይቁ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ እጅግ ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ከ15 ሜትር በላይ ወረደ። ዛሬ ሣር የበቀለበት ሜዳ ያኔ ታንኳ የሚሄድበት ውኃ ነበር ማለት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ካርል ቡትዘር በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው የኦሞ ደልታ ጥናቱ አሳሾቹ የተዉትን ካርታና ጽሑፍ መሬት ላይ ካገኘው የድሮ ዳርቻ ምልክት ጋር እያስተያየ ይህን ታሪክ አቃንቶታል። የውኃ መለኪያ ባልነበረበት አገር እንዲህ ያለ ማስረጃ የመለኪያውን ሥራ ይሠራል። ፎቶግራፍም እንደዚያው ነው፦ ታንኳ የታሰረበት ዳር፣ ከኋላ ያለው ዛፍ፣ ውኃው የደረሰበት መስመር ሁሉ ይነበባል፤ ቀኑ ከታወቀ።

ስለ ታንኳ ቀዛፊዎቹም ልናገር። ዳሰነች በስምንት ክፍሎች የተዋቀረ፣ ክብሩን በከብት የሚለካ ሕዝብ ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ አዞና ጉማሬ ያድናል። እነዚህን ሰዎች «ዲየስ» ይሏቸዋል፤ ድሃ ናቸው ተብለው ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። ይሁንና ከብት ያለው ሰው በሰላም የሚሻገረው ውኃውን በሚያውቁት በእነሱ እጅ ነው። የወደብ ከተማ ታሪክ ያለ ወዛደሮቹ አይጻፍም፤ የኦሞራቴም ያለ ዲየስ አይሟላም።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ የያዘ ሰው አልተቋረጠም። ፈረንሳዊው ካሚይ አራምቡር በ1925 ዓ.ም. ቅሪተ አካል ፍለጋ ታችኛው ኦሞ መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1931 ዓ.ም.፣ ዛቫታሪ የመራው የጣሊያን የሥነ ሕይወት ቡድን አካባቢውን አጠና። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ሪቻርድ ሊኪ ቡድኑን ይዞ ወደ ኪቢሽ ሲሄድ አዞ ጀልባቸውን አጥቅቶባቸዋል፤ በዚያው ጉዞ የተገኙት የሰው አጥንቶች ዛሬ ዕድሜያቸው ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት እንደሆነ ተነግሯል። ከኦሞራቴ ታንኳ ቀዛፊ ይልቅ የዚያ አጥንት ፎቶ በዓለም ላይ ታውቋል።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በሌሊት ሞልቶ 364 ሰው ወሰደ። አብዛኞቹ በደልታው ደሴቶችና በዝቅተኛው ዳርቻ የሰፈሩ ነበሩ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ፣ የወንዙን የክረምት ሙላት በመግታቱ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩትን ኑሮ ቀይሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሐይቁ እንደገና እየገፋ ቀበሌዎችን አስለቅቋል። አሁን ድልድይ አለ፤ መኪናው በላይ ያልፋል። ታንኳው ማዶ ያሉትን መንደሮች ለማየት የሚመጣ ቱሪስት ያሻግራል፤ ፎቶ አንሺው ዛሬም ከባዕድ አገር ነው።

ጂንካ ከተማ፣ ጉብታው ላይ፣ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ። ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከርና ባልደረቦቹ ለዞኑ ሕዝቦች ባህል የመሠረቱት ነው። የኦሞ ዳርቻ ፎቶግራፎች ቅጂ የአሳሾቹ ምስሎች ሊገኙባቸው ከሚችሉ ከተሞች፣ ከፓርማ፣ ከቪየናና ከፒተርስበርግ፣ ተለምኖ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው። የፎቶግራፎቹ መግለጫም መስተካከል አለበት። ፎን ሆነል ዳሰነቾችን «ሬሺያት» ይላቸዋል፣ የእኛ ቢሮዎች ደግሞ «ገለብ» ብለው አውራጃውን «ገለብና ሐመር ባኮ» እስከማለት ደርሰዋል። የሚያስፈልገው የኦሞራቴ ሽማግሌዎች ፎቶውን በእጃቸው ይዘው፣ ይህ ዳር የየትኛው ክፍል መሻገሪያ እንደነበረ፣ ውኃው በማን ዘመን እዚያ እንደደረሰ፣ ታንኳው ላይ የቆመው ሰው ወገኑ ማን እንደሆነ እንዲናገሩ፣ ያሉትም ከፎቶው ጀርባ በዳሰነችኛና በአማርኛ እንዲጻፍ ነው።