ግማሽ መጽሐፍ

ወዳጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሁሌ ከምገዛው የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ አንድ ቀጭን የእንግሊዝኛ ልቦለድ ገዛሁ፤ የፊሊፕ ኬ ዲክ «ሶላር ሎተሪ»። ቤት ገብቼ ሳየው ለካ የኋላ ሽፋን የለውም፣ ጀርባው በምላጭ ተቆርጧል። ያኔ ነው የገባኝ። አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ከፍለው ሁለት ዋጋ አውጥተውበታል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውዮርክ ያለው ኤስ ቡክስ የሚባል አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1952 ሁለት ልቦለድ በአንድ ጥራዝ ማውጣት ጀመረ። ዋጋው 35 ሳንቲም። አንዱን ጨርሰህ መጽሐፉን ስትገለብጠው ሌላ ሽፋን፣ ሌላ ደራሲ፣ ሌላ ገጽ 1 ታገኛለህ። ባንድ አልጋ ትራስጌና ግርጌ እንደተኙ ወንድማማቾች በሉት። አርታኢው ዶናልድ ወልሃይም ርዕስ ይቀይራል፣ ጽሑፍም ይቆርጣል። ቢሆንም ለጀማሪ ደራሲ በር ነበር። ዲክ የመጀመሪያ ልቦለዱን ያሳተመው በዚህ ነው፣ በ1955። ኧርሱላ ለግዊንም እንዲሁ፣ በ1966።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የ1953ቱ ነው። ዊሊያም በሮውስ ስለ ገዛ ሱሰኝነቱ የጻፈውን «ጀንኪ» ማን ደፍሮ ያሳትመው? ገጣሚው አለን ጊንስበርግ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የተዋወቀው ካርል ሰለሞን የሚባል ጓደኛ ነበረው። የኤስ ቡክስ ባለቤት ደግሞ የሰለሞን አጎት! በዝምድና ገባ ማለት ነው (እኛ ጋ ብቻ አይደለም ለካ)። አሳታሚው ግን ፈራ። ስለዚህ ምን አደረገ? ከሱሰኛው ኑዛዜ ጀርባ የአንድ አደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ ፖሊስ ትዝታ ለጠፈበት። ከሳሽ ቢመጣ «ይኸው፣ የሕግ ሰውም አለበት» ለማለት ይመስለኛል። በሮውስም ስሙን ደብቆ «ዊሊያም ሊ» ተባለ፤ ሊ የእናቱ የአባት ስም ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ምንጭ ስትመረምሩ ማን ጻፈው ብቻ ሳይሆን ከምን ጋር ተጠረዘ ብላችሁም ጠይቁ ስል የምታለቃቅሱት ለዚህ ነበር። «ጀንኪ»ን ለብቻው በአዲስ እትም ያነበበ ሰው ያንን ፍርሃት አያየውም። ፍርሃቱ ያለው ጥራዙ ላይ ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬ ብዙ ብር የሚያወጡበትም ሁለቱ ሳይለያዩ ሲገኙ ነው።

በነጋታው ነጋዴው ጋ ተመለስኩ። «ቲቸር ሙት፣ እኔም የገዛሁት እንዲሁ ነው» አለኝ። አመንኩት፣ ምን አደርጋለሁ።

የጎደለኝ ግማሽ የሊ ብራኬት «ዘ ቢግ ጃምፕ» ነው። የፊት ሽፋን ያለው፣ ጀርባው የተላጠ ቀጭን መጽሐፍ ያየ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዋጋ አልከራከርም።