ፖይንሴቲያና የጁባ ሌሊት

ፖይንሴቲያ በገና ሰሞን ቀልቶ በየሆቴሉ መግቢያና በየቤተ ክርስቲያኑ የሚደረደር ተክል ነው። ብዙ ሰው አበባ የሚለው ቀዩ ነገር በእውነቱ ቅጠል ነው። አበቦቹ መሐል ላይ የተሰበሰቡት ቢጫማ ጥቃቅን እንቡጦች ናቸው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያነባል፤ የቁልቋልና የቅንጭብ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ነው። ጉሎና ብሳና፣ እንዲሁም በደቡብ ሱዳን የኢኳቶሪያ ሕዝብ ዋና ምግቡ ያደረገው ካሳቫ፣ ከዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ይመደባሉ። ፖይንሴቲያ በዐረብኛ «ቢንት አል ቁንሱል» ይባላል፤ የቆንስሉ ልጅ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የተሰየመውም በአንድ ዲፕሎማት ስም ነው።

የተክሉ የትውልድ አገር ሜክሲኮ ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል ባሉ ሞቃታማ ሸለቆዎች እስከ ጓቲማላ ድረስ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ቁመቱ ሦስትና አራት ሜትር ይደርሳል። አዝቴኮች ኩዌትላሾቺትል ይሉት ነበር፤ ከቀያዮቹ ቅጠሎች ማቅለሚያ፣ ከወተቱ የትኩሳት መድኃኒት ያዘጋጁ ነበር። ስፔኖች አገሩን ከያዙ በኋላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በታስኮ አካባቢ የነበሩ የፍራንሲስካን መነኮሳት ልደት ሲቃረብ የሚቀላ መሆኑን አይተው የበዓሉ ማስጌጫ አደረጉት። ሜክሲኮዎች ዛሬም «ኖቼ ቡዌና» ይሉታል፤ የልደት ዋዜማ እንደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ተክሉን ዓመቱን ሙሉ መንከባከብ የሚባል ጣጣ አልነበረም። አጥር ሥር ቆሞ በራሱ ጊዜ ይቀላል፣ በራሱ ጊዜ ያረግፋል።

ጣጣው የመጣው ተክሉ ወደ ሰሜን ሲሻገር ነው። በሜክሲኮ የመጀመሪያው የአሜሪካ ልዑክ የነበረው ጆኤል ፖይንሴት በ1828 እ.ኤ.አ. ገደማ ችግኞች ወደ አገሩ ላከ፤ ተክሉ በ1829 በፊላዴልፊያ የአበባ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። የሳይንስ ስሙ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1834 ታተመ፤ ትርጉሙ «እጅግ ውቡ» ማለት ነው። ይሁንና በገበያው የጸናው የፖይንሴት ስም ነው። ሰውየው ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ በኋላም የጦር ሚኒስትር ሆኖ ቼሮኪ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ነዋሪዎች ከምድራቸው በተባረሩበት ዘመን አገልግሏል። በዚህም ምክንያት ስሙ እንዲቀየር የሚጠይቁ ሰዎች ዛሬ አሉ። ሜክሲኮዎች የራሳቸው ስም ስላላቸው ክርክሩ ብዙም አይመለከታቸውም።

ተክሉን የሳሎን ዕቃ ያደረገው ግን አንድ ቤተሰብ ነው። ከጀርመን የፈለሱት ኤኬዎች በሎስ አንጀለስ አካባቢ ጀምረው በ1923 ወደ ኤንሲኒታስ ከተማ ተዛወሩ፤ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ያበቀሉትን እናት ተክል በባቡር ይልኩ ነበር። በ1960ዎቹ በግሪን ሃውስ ያደጉ ቁራጮችን በአውሮፕላን ወደ መላክ ዞሩ። በዚያው ዘመን ከኖርዌይ የወጣ፣ ቶሎ የማያረግፍና በደንብ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ዝርያ ተክሉን ለማስቀመጫ አመቸው። ከዚያ በኋላ ፖይንሴቲያ ለአንድ ወር ተገዝቶ የሚጣል ዕቃ ሆነ። ገና ሲያልፍ ከነማስቀመጫው ቆሻሻ ላይ ይወድቃል። ተክሉ ግን ለብዙ ዓመት የሚኖር ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ይህ አላስችል ብሏቸው ከዓመት ዓመት ማቆየት ጀመሩ።

ችግሩ ማቆየቱ አልነበረም፤ እንደገና ማቅላቱ ነው። በ1920 ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የብዙ ተክሎችን የማበብ ጊዜ የሚወስነው የቀንና የሌሊት ርዝመት መሆኑን አስታወቁ። ፖይንሴቲያም የሚቀላው ረጅም ሌሊት ሲያገኝ ነው፤ የጨለማው ርዝመት ወደ 12 ሰዓት ሲቃረብና ሲያልፍ እንቡጥ ይጀምራል። የሰሜን አገር ባለቤቶች ስለዚህ አንድ ሥርዓት አበጁ። በጸደይ ይገርዙታል፣ በበጋ ውጭ ያወጡታል፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ደግሞ በየምሽቱ ለ14 ሰዓት ያህል ካርቶን ይደፉበታል ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ይህ ለስምንትና አሥር ሳምንት ይቀጥላል። የመንገድ መብራት በመስኮት ቢገባ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። በእንክብካቤ መጻሕፍት የሚታየው የቀን መቁጠሪያ ሁሉ ከዚህ የተቀዳ ነው።

ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዛሬ በአውሮፓ ከሚሸጠው ፖይንሴቲያ ብዙው የተነሣው በኡጋንዳ፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ግሪን ሃውሶች ከተቀነጠቡ ቁራጮች ነው። እነዚህ እርሻዎች እናት ተክሎቹን ሌሊት መብራት ያበሩባቸዋል፤ ምክንያቱም በምድር ወገብ አቅራቢያ ሌሊቱ ለማበብ የሚበቃ ርዝመት ስላለው ተክሉ ቁራጭ መስጠቱን ትቶ ማበብ ይጀምራል። የሰሜኑ ሰው እንዲቀላ ያጨልማል፣ የምድር ወገቡ ገበሬ እንዳይቀላ ያበራል።

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 34 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ልዩነቱ ወደ አንድ ሰዓት፣ በአምስተርዳም ደግሞ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። በጁባ በሰኔ ቀኑ 12 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ተክሉ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ ሌሊቱ ትንሽ ሲረዝም ወደ መቅላት ያዘነብላል። ስለዚህ በጁባ ካርቶን መድፋት አላስፈላጊ ድካም ነው። እዚያ ተክሉን የሚያውከው አምፖል ነው፤ ሳሎን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት የሚበራበት ፖይንሴቲያ ለገና አይደርስም። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት በጄኔሬተር፣ ሌሊቱንም በጨለማ፣ መኖሯ ለሰው መከራ ቢሆንም ለዚህ ተክል የሚስማማ ነበር።

የጁባ አስቸጋሪ ነገር ሙቀቱ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ይጠጋል። ሌሊቱ ከ22 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መቅላቱ ይዘገያል፤ በታኅሣሥ ወደ 20 ስለሚወርድ ነገሩ በጠባብ ዕድል ይሳካል። መግረዙ ከፈረንጅ ጸደይ ይልቅ ከዝናቡ ጋር ቢሄድ ይበጃል፦ ሚያዝያ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርቶ መቁረጥ፣ ወተቱ ሲደርቅ የተቆረጠውን ግንድ ጥላ ሥር መትከል፣ እስከ ነሐሴ ጫፍ ጫፉን መቀንጠብ። በክረምቱ ማስቀመጫው ውኃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። በደረቁ ወራት ደግሞ የጧት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ በረንዳ ይመረጣል።

አካባቢው ለባዕድ ተክል እንግዳ አይደለም። ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ፣ በነጭ አባይ ማዶ፣ ጎንዶኮሮ ላይ በ1850ዎቹ የኦስትሪያ ካቶሊክ ሚሲዮን ነበር። በሽታ ሚሲዮናውያኑን ጨርሶ ቦታው ሲተው የተከሏቸው የሎሚ ዛፎች ቀሩ፤ እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በ1863 ሲደርስ ያገኘው ፍርስራሽና እነዚያን ዛፎች ነው።

ፖይንሴቲያ ይገድላል የሚለው ወሬ በ1919 ከሃዋይ የተነሣ ነው። በ1996 የታተመ ጥናት 22,793 የመርዝ ማእከል ጥሪዎችን መርምሮ አንድም ሞት አላገኘም። ወተቱ ግን ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ቁልቋል ያጠረ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

ቀያዮቹ ቅጠሎች ሳይረግፉ ለሳምንታት ይቆያሉ። የጁባ ካቶሊኮችና ኤጲስቆጶሳውያን ልደትን የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ነው፤ በከተማዋ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ታኅሣሥ 29፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይተው። በረንዳ ላይ የቆመ አንድ ተክል ለሁለቱም በዓል ይደርሳል።