በሽሎ፦ የመቅደላ ሰሜናዊ ቅጥርና የቴዎድሮስ መንገድ



ስለ መቅደላ በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ወደ አምባው ይወጣል። ዛሬ ግን ወደ ታች፣ በስተ ሰሜን ወዳለው ጥልቅ ሸለቆ እንድትመለከቱ እጋብዛችኋለሁ።

በሽሎ የሚነሣው ከኩታበር በስተ ምዕራብ ካለው የወሎ ደጋ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናና በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ጉዞው ደላንታን በስተ ሰሜን፣ መቅደላን በስተ ደቡብ ይተዋል። ዋድላንና ደላንታን የሚለየው ጅጣም ገባሩ ነው። ወንዙ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር እየሸረሸረ ስለወረደ፣ ከደላንታ ሜዳ እስከ ውኃው ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። በመካከለኛው ዘመን የቤተ አምሐራ ሰሜናዊ ወሰን መሆኑም አያስደንቅም። በበጋ በእግር የሚሻገሩት ውኃ በክረምት አገርን ከአገር ይቆርጣል።

እንግዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጅጣንና በሽሎን መሻገር ግድ ሆነባቸው። መድፍ እንደ በቅሎ በገደል አይወርድም። ስለዚህ ዐለቱ ተፈለጠ፤ ቁልቁለቱ እየተጠማዘዘ በሚወርድ መንገድ ተገራ፤ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ስድስት ወር ያህል የፈጀው ይህ ጉዞ የቆራጥነት ምሳሌ ሆኖ ሲወሳ ኖሯል፤ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መንገዱ ለማን እንደጠቀመ ነው።

ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ሲደርስ የተጠረገ መንገድ ጠበቀው። ዝሆንና ከባድ መሣሪያ የያዘ ሠራዊት ሁለቱን ሸለቆዎች ያለዚያ መንገድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበት እንደነበር ገምቱ፤ ክረምትም እየቀረበ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ እንግሊዞች በሽሎን ሲሻገሩ መልካው ላይ የተዋጋቸው አልነበረም። ጦሩ በመክዳት የተመናመነበት ንጉሥ አምባው ላይ ሆኖ መጠበቅን መርጧል። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎች እሮጌ ላይ አለቁ፤ ፊታውራሪውም ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተያዘ፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ።

ስለዚህ በሽሎ መቅደላን አልጠበቀም የሚለው አነጋገር ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም። ወንዙን ከቅጥርነት ያወረደው መንገዱ ነው፤ መንገዱ ከተሠራ በኋላም መልካው ያለ ጠባቂ መተዉ።

ጦሩ ሲመለስም የተሻገረው በሽሎን ነው። ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ሸለቆውን አቋርጠው ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጡ። እቴጌ ጥሩወርቅና ልጃቸው ዓለማየሁም በዚያው አቅጣጫ ተወሰዱ፤ እቴጌይቱ ጉዞው ሳያልቅ ዐረፉ። መንገዱ የተሠራለት ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።