ሃያ ሽልንግና ግማሽ ግብር

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በእንግሊዝ አገር ጆን ሃምፕደን የሚባል ባለርስት ነበር። ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርለስ ገንዘብ አጠረው፤ ፓርላማ ጠርቶ እንዳይጠይቅ ደግሞ ከፓርላማው ጋር ዓይንና ናጫ ሆነዋል። ምን ያድርግ? አሮጌ ልማድ ቆፍሮ አወጣ። በጦርነት ጊዜ የባሕር ዳር ከተሞች መርከብ እንዲያዋጡ የሚታዘዙበት ልማድ ነበር። እሱን አነሳና በሰላሙ ቀን፣ ባሕር አይቶ በማያውቀው መሐል አገር ላይ ሁሉ ጣለው። የሃምፕደን አገር ቡኪንግሃምሻየር ከባሕር አይዋሰንም፤ በዚህ በዚህ ከወለጋችን ጋር አንድ ነው።

የተጣለበት ስንት መሰላችሁ? ከአንዱ ርስቱ ሃያ ሽልንግ! ሀብታም ሰው ነው፤ ከኪሱ ብትወድቅ ጎንበስ ብሎ አያነሳትም። እሱ ግን አልከፍልም አለ። «ፓርላማ ያልፈቀደውን ግብር ንጉሥ ብቻውን መጣል ይችላል ወይ? ይህ ይፈረድልኝ» ብሎ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1637 በአሥራ ሁለት ዳኞች ፊት ክርክሩ ተከፈተ፤ በዓመቱ ሰባቱ ለንጉሡ፣ አምስቱ ለሃምፕደን ፈረዱ። ተረታ። ነገር ግን አምስት የንጉሥ ዳኞች በንጉሥ ላይ መፍረዳቸውን አገር ሰማ። በ1641 ፓርላማው ያንን ፍርድ ሻረው፤ የመርከቡንም ግብር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ደነገገ። ሃምፕደን ከሁለት ዓመት በኋላ ከንጉሡ ጦር ጋር ሲዋጋ ቆስሎ ሞተ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሰው የተሟገተው ሳይከፍል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሌቃ ነቀምቴ የሞረዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ለአፄ ምኒልክ ወርቅ እየገበረ አገሩን ያስተዳድር ነበር። በነቀምቴው ቤተ መንግሥት የቆዩትን ደብዳቤዎች አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ እ.ኤ.አ. በ2004 በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። በዚያ ዘመን የግብር ነገር የሚያልቀው በደብዳቤ፣ በአማላጅና በዙፋን ችሎት ነው። ንጉሥ ሲራራ ይምራል፤ ሲከፋው ያከብዳል። ለአንዱ የተማረው ግን ለጎረቤቱ አይተርፍም። ጎረቤትየውም የራሱን አማላጅ ይፈልጋል።

ከጣሊያን በኋላ ነገሩ በአዋጅ ሆነ። በ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ ለተለካ መሬት በጋሻ፣ አሥራቱ ታስቦ፣ ለም 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ 15 ብር ይከፈል ነበር። እንግዲህ መሬትህ ለም ነው ወይስ ጠፍ የሚለው ነገር በጋሻ የ35 ብር ልዩነት አለው። ያን ጊዜ 35 ብር ምን እንደሆነ አባቶቻችሁን ጠይቁ።

ከዚያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣና በቁጥር 1168 የሚደንቅ ነገር አኖረ፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል። አያችሁት? ግብር ከፋዩ ደረሰኙን ይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ተከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ባለመብት ሆነ! መንግሥት ገንዘብ የተቀበለበት ወረቀት ለከፋዩ ማስረጃው ሆነ። ደረሰኝ እንደ ዓይን ብሌን ቢጠበቅ ምን ይገርማል? የገጠሩን መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ጠቀለለውና ያ ምዕራፍ ተዘጋ፤ ሰፊ ወሬ ነው፣ ለሌላ ቀን።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ነጋዴ እንምጣ። ከባኮ ወደ ነቀምቴ ስትሄዱ አኖን ታገኛላችሁ፤ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ በ2009 ሳሙና፣ ዘይትና ቆርቆሮ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ነበር እንበል። ሰውየውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ሕጉ ግን የእውነት ነው። መዝገብ አይይዝም ነበር። ያኔ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነበር፤ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር፤ የሚከፍለውም በግምት ነበር። በ2009 ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የቀን ገቢ ሲጽፉ፣ በሐምሌ አምቦና ወሊሶን የመሳሰሉ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃወሙ። ነገሩ አደባባይ ወጣ እንጂ ችሎት አልገባም። ለምን አልገባም?

የኔ ባለሱቅ 60,000 ብር ክፈል ተባለ እንበል። ገማቹ ወረቀቱን ሲሰጠው «ኦቦ፣ ቅሬታ ካለህ ሕጉ በሩን ከፍቶልሃል» ይለዋል። እውነቱን ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ አቅርብ ይላል። እዚያ ካልተሳካለት ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን። ግን ኮሚሽኑ ይግባኙን የሚቀበለው ከሚያከራክረው ግብር 50 በመቶው ሲከፈል ነው፤ ማለት 30,000 ብር። ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲያልፍ 75 በመቶ ይሆናል፤ 45,000 ብር። እዚያም የሚታየው የሕግ ስህተት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የከፋዩ ነው። መዝገብ እንዲይዝ ያልተገደደ ሰው በምን ያስረዳ?

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ካለ ያርመኝ ይሆናል፤ የአኖው ነጋዴ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልሉ ከፋይ ነው፣ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ልክ ነው። መንገዱ ግን በዋና ዋናው የፌዴራሉ ነው።

ይህ አስቀድሞ ክፈል የሚሉት ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ድሮ ሲራራ ነጋዴ ኬላ ሳይከፍል አያልፍም ነበር፤ ይኸኛው ኬላ የቆመው ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ በፍሎራ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1960 አምስት ለአራት ተከፍለው «ሙሉውን ከፍለህ ክሰስ» አሉ፤ ግን ሳይከፍሉ የሚሟገቱበት ለብቻው የታክስ ፍርድ ቤት አላቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሜትካሽ የሚባል ጅምላ አከፋፋይ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተጣላና «ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቴን ነካችሁ» አለ። የሥር ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በዳኛ ዮሐን ክሪግለር ብዕር ሻረው።

ዳኛው ያለው ያሳምናል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነጋዴው ከገዢ ተቀብሎ የያዘው፣ ራሱ አስልቶ የሚያስታውቀው ገንዘብ ነው፤ መንግሥት በክርክር ሰበብ መጠበቅ የለበትም። ይሁን። የአኖው ባለሱቅ ግን ከማንም የተቀበለው 60,000 ብር የለም። ቁጥሩ የመጣው ከገማቹ እስክሪብቶ ነው። ስለዚህ የሜትካሽ ምክንያት እሱን አይነካውም እላለሁ። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37ም ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ አላለም።

ይህ ለምን ያሳስበኛል መሰላችሁ? ከ1997 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 454፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ነው። አዲስ አበባ የተፈረደው አኖ ይሠራል። የምኒልክ ምሕረት ለጎረቤት አይተርፍም ነበር፤ የሰበር ፍርድ ግን ለሺህ ጎረቤት ይተርፋል። ታዲያ ሰበር ድረስ የሚደርሰው ማነው? ግማሹን፣ ከዚያም ሦስት አራተኛውን አስይዞ፣ ጠበቃ ቀጥሮ ዓመታት የሚጠብቅ አስመጪ፣ ባንክ፣ ኩባንያ ነው። ዳኞቹ የሚተረጉሙት የቀረበላቸውን ነውና፣ ስለ ወጪ ተቀናሽና ስለ ዘገየ ደረሰኝ ብዙ ሲከራከሩ፣ የቀን ገቢ ግምት በምን መለኪያ ይፈተሽ የሚለውን የሚጠይቃቸው ከፋይ ደጃቸው አይደርስም። ባለሱቁም 30,000 ብር አስይዞ ከመሟገት 60,000ውን በስድስት ወር ከፋፍሎ መክፈል ይቀለዋል። ከፈለና ደረሰኙን ተቀበለ።