ከስታካኖቭ ኋላ የነበሩት ሁለት ሰዎች

አጎቴ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ የኖረ አንድ ሰርተፍኬት ነበር። ዳር ዳሩ ቀይ፣ አናቱ ላይ መዶሻና ማጭድ ያለበት፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም የተመታበት። «ኮከብ ሠራተኛ» ይላል። አጎቴ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ የሽመና ማሽን ላይ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እትዬ ቡና እየቀዱ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ጣል ያደርጋሉ፣ እንግዳውም ገብቶት «አሃ! ኮከብ ነበሩ ለካ?» ይላል። አጎቴ ግን ወሬውን ወዲያው ይለውጡታል። ልጅ ሳለሁ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

በደርግ ዘመን ያደገ ሰው «ኮከብ» የሚለውን ቃል አይረሳውም። በተለይ በ1971 ዓ.ም. የምርት ዘመቻው ከታወጀ ወዲህ ኮከብ ሠራተኛ፣ ኮከብ ገበሬ ይባል ነበር። ቃሉ የኛው ነው። ሐሳቡ ግን ከሩቅ የመጣ ነው፤ እስቲ ወደ ተነሣበት ጉድጓድ እንውረድ። ጉድጓድ ያልኩት ለምሳሌ አይደለም፣ የእውነት ጉድጓድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1935 ሌሊት (እኛ አገር ጣልያን ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው) በሶቪየት ኅብረት ዶንባስ በሚባለው አካባቢ፣ ኢርሚኖ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ አሌክሲ ስታካኖቭ የሚባል የ29 ዓመት ሰው በአየር ግፊት የሚሠራ መቆፈሪያውን ይዞ ወረደ። በአምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ 102 ቶን ከሰል ቆርጦ ወጣ ተባለ። የአንድ ሰው የፈረቃ ኮታ ሰባት ቶን ገደማ ነበር። አሥራ አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ሰውዬው እንዴት ቢበረታ ነው? አይ፣ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ቀድሞ አንዱ ቆፋሪ ጥቂት ይቆፍርና መሣሪያውን አስቀምጦ ጣሪያው እንዳይናድበት ራሱ ግንድ ያቆማል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ቁፋሮው ይመለሳል። በዚያ ሌሊት ግን ስታካኖቭ ቆፈረ እንጂ ግንድ አላቆመም። ከኋላው ሺጎሌቭና ቦሪሴንኮ የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች እየተከተሉ ያቆሙለት ነበር። የማውጫው የፓርቲ ኃላፊ ፔትሮቭም አብሮ ወርዶ ነበርና እሱም እዚያው ነበረ። እንግዲህ 102 ቶን ለሦስት ሲካፈል 34 ይመጣል። ይህም ቀላል አይደለም፤ ሥራን መከፋፈል ብልህነት መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን 34 ለጋዜጣ አይመችም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የማለዳው ስብሰባ ነው። ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የማውጫው የፓርቲ ኮሚቴ ተቀመጠ። የስታካኖቭ ስም በክብር ሰሌዳ ላይ እንዲሰፍር፣ የአንድ ወር ደመወዝ ጉርሻ እንዲሰጠው፣ ስልክና የቤት ዕቃ የተሟላለት መኖሪያ ቤት እንዲዘጋጅለት፣ ለሱና ለባለቤቱ የሲኒማ መግቢያ እንዲሰጣቸው ወሰነ። በዚያው ውሳኔ ላይ ክብረ ወሰኑን የሚያጣጥል ሰው እንደ ሕዝብ ጠላት እንደሚቆጠር ተገለጸ። ልብ በሉ፤ ሐሜቱ ገና አልተጀመረም። ሰዎቹ ከእንቅልፋቸው እንኳ አልተነሡም። ሸላሚዎቹ ግን የሠራተኛውን ልብ አሳምረው ያውቁት ነበርና ሽልማቱንና ማስፈራሪያውን በአንድ ወረቀት አወጡት።

የቀረው በፍጥነት ሄደ። ፕራቭዳ ትንሽ ዜና አወጣ፣ የከባድ ኢንዱስትሪ ኮሚሳሩ ኦርጆኒኪድዜ ዜናውን አይቶ ነገሩን አራገበው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዱካኖቭ የሚባል ሌላ ቆፋሪ 115 ቶን ቆረጠ ተባለ። በኅዳር ሞስኮ ላይ የስታካኖቭ ተከታዮች ጉባኤ ተደርጎ ስታሊን ራሱ ንግግር አደረገ። በታኅሣሥ የአሜሪካው ታይም መጽሔት የስታካኖቭን ምስል ሽፋኑ ላይ አወጣው። ካፒታሊስቶቹም ነገሩ ሳይጥማቸው አልቀረም መሰለኝ።

በ1936 ታዲያ ምን ሆነ? በየፋብሪካው ኮታው ከፍ ተደረገ። ስታካኖቭ ከቻለ ሌላው ለምን ያቅተዋል? ረዳት የሌለው፣ መሣሪያው አሮጌ የሆነ፣ ልጆቹ የታመሙበት ሠራተኛ በትናንቱ ሥራ ዛሬ ያነሰ ገንዘብ ያገኝ ጀመር። የሰሌዳው ፎቶግራፍ ለእሱ ማበረታቻ አልሆነም፤ የደመወዙ መቀነሻ ሆነ። በባለ ክብረ ወሰኖቹ ላይ ዱላ የተነሣበት ጊዜም እንደነበር የዘመኑ የሶቪየት ጋዜጦች ራሳቸው ጽፈዋል።

ጀርመኖች ይህን ሁሉ እያወቁ ደገሙት። በሶቪየት በተያዘው ምሥራቅ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 1948፣ አዶልፍ ሄኔኬ የተባለ የከሰል ቆፋሪ ሥፍራው ቀደም ተብሎ ተመርጦለትና ተዘጋጅቶለት 24.4 ሜትር ኩብ አወጣ፤ የኮታውን 387 በመቶ። መጀመሪያ ሲጠየቅ ጓደኞቼ ዓይኔን አያዩም ብሎ ሠግቶ ነበር። አልተሳሳተም፤ ባልደረቦቹ ሸሹት። መንግሥት አጨበጨበለት፣ አብሮት የሚበላው ሰው ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ የዚያች አገር መንግሥት ኮታውን በአሥር በመቶ ከፍ አደርጋለሁ ሲል የበርሊን ግንበኞች መዶሻቸውን ጥለው ወጡ፤ ሰኔ 17 ቀን በመላ አገሪቱ የተቀጣጠለውን አመፅ ያበረደው የሶቪየት ታንክ ነው።

እኛ አገርም ቢሆን ሽልማት አዲስ ነገር አይደለም። የድሮው ተዋጊ ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት ይፎክራል፣ ካባም ለምድም ይለብሳል። ግን ጓዶቹ ፊት ነው የሚፎክረው። አብረውት የዋሉት ሰዎች እዚያው ቆመው ይሰሙታል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል መሳቂያ ይሆናል። የፋብሪካው ኮከብ ግን የሚታወጀው ከላይ ነው። አብሮ የዋለውን ማንም አይጠይቀውም።

አጎቴን ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና ስለ አንድ መካኒክ ነገሩኝ። በዚያ ዓመት የመለዋወጫ ዕጥረት ነበር፤ የሌላው ማሽን ቆሞ ሲውል የሳቸው የሚሠራው ይህ መካኒክ ከተጣለ ዕቃ እየፈታ ስለሚገጥምላቸው ነበር። «ሜትሩ የተለካው በኔ ስም ነው» አሉኝ። በሚያዝያ 23 በዓል መድረክ ላይ ጠርተው ሰርተፍኬትና አንድ ሬዲዮ ሰጧቸው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መካኒኩ እንደ ወትሮው አብሯቸው አልተቀመጠም። ሬዲዮኑን ወስደው ቢሰጡት አልቀበልም አለ። «ተቆጥቶ አይደለም፤ አፍሮ ነው። እኔም አፈርኩ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበራቸውም።

አሁን በየሆቴሉና በየባንኩ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ተብሎ ፎቶ ሲሰቀል አያለሁ። መዶሻና ማጭዱ የለበትም፣ ፎቶው በቀለም ነው፣ ልጅቷም ፈገግ ብላለች። መመስገኗን አልጠላም፤ ምስጋና የሚነፈገው ሠራተኛ ብዙ በሆነበት አገር ምስጋናን መጥላት አይገባም። ነገር ግን ተራ ስጠብቅ የማስበው ስለ ጎኗ ሰዎች ነው፦ ጥበቃው፣ ወረቀት የምታመላልሰው፣ ሲስተም ሲቋረጥ እየሮጠ የሚመጣው ልጅ። ማን እንደመረጣት፣ በምን እንደተለካች ይነግሯቸው ይሆን? እነሱስ ተጠይቀው ያውቃሉ?

ስታካኖቭ ራሱ ከዚያ ሌሊት በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሮ በ1977 ሞተ። የሶሻሊስት ሥራ ጀግና የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1970 ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሞተ በዓመቱ ካዲየቭካ የምትባለው ከተማ በስሙ ተጠራች። በሺጎሌቭና በቦሪሴንኮ ስም የተጠራ ከተማ አላውቅም።

የአጎቴ ሰርተፍኬት በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከግድግዳው ወረደ። እትዬ መስተዋቱንና ፍሬሙን ለመጣል አልጨከኑም፤ የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ገባበት። ባለፈው ዓመት ፍሬሙ ተሰብሮ ስንፈታው ሰርተፍኬቱ ከፎቶው ኋላ ደጋፊ ካርቶን ሆኖ ተገኘ። እትዬ አቧራውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና እዚያው መልሰው ከፎቶው ኋላ አስገቡት።